ከኡኬ የመጣው የልጆች ጸሎት

ሸዋገነት መሸሻ ያን እሑድ የሠራችው በየእሑዱ የምትሠራውን ነበር። ከኡኬ የመጣውን የድምፅ መልእክት ስልኳ ላይ ስታየው፣ ሳትሰማው የሦስቱ ከተሞች የልጆች አገልጋዮች ወዳሉበት የቴሌግራም ቡድን አስተላለፈችው። ከዚያ ስልኩን ከትንሿ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችና ልጆቹን ዝም አሰኘች።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ አዳራሽ የሚሰበሰቡት ልጆች ይህን ሰዓት ይወዱታል። አይተውት የማያውቁት የኡኬ ወይም የአኖ ልጅ ስሙን ጠርቶ ሲጸልይ ይሰማሉ፤ እነሱም ለዚያ ልጅ ይጸልያሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የእነሱ ድምፅ ተቀድቶ ወደዚያ ይሄዳል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ልጁ ስሙን፣ የአባቱን ስምና ከተማውን ይናገራል። ቀጥሎ የሚያመሰግንበትን ነገር፣ በመጨረሻም የሚለምነውን። ስም የግድ ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ለማን ብለው ይጸልያሉ?

መጀመሪያ አንድ ወንድ ልጅ ስለታመመች ጥጃቸው ለመነ። ሌላው ስለ ፈተና ለመነ። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ መጣች፤ በኦሮምኛ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትናገረው።

“ስሜ ዳዲ ያደታ ነው። ከኡኬ ነኝ። ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን ኦብሳን ከጫካ ስለመለስክልን አመሰግንሃለሁ። እግሩን አድንለት። ጎተራው ውስጥ ሲተኛ አይጥ እንዳይነክሰው፣ ሲመሽ ሲወጣ ውሻችን እንዳይጮህበት።”

ልጆቹ አይጥ ሲባል ሳቁ። ሸዋገነት ግን አልሳቀችም። እጇን ወደ ስልኩ ሰደደች፤ ምን እንደምታደርግበት ስላላወቀች መልሳ ሰበሰበችው። ልጆቹ እንደለመዱት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስሙን እየጠሩ፣ ለኦብሳ ጸለዩለት።

እንዲህ ያለ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ የሚያሳድደው ሰው ብዙ ነው። ጥሏቸው የመጣ ታጣቂዎች አንድ ወገን ናቸው። ከእነሱ ጋር ነበርክ የሚሉት የመንግሥት ሰዎች ሌላ ወገን ናቸው። ሁለቱም ከመጡ የሚመጡት ወደ እናቱ ቤት ነው። ይህን ለማወቅ በዚያ አገር ሰው አዋቂ መሆን አያስፈልገውም። ሸዋገነት ራሷ አንድ ልጇን ትምህርቱን ሳይጨርስ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ የሰደደችው፣ ከማንኛውም ወገን ዓይን ይራቅ ብላ ነበር።

በሩ ላይ ጫንያለው ቆሟል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ልጁን ንጋትን ለመውሰድ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሁልጊዜም ከመቃኑ አልፎ አይገባም። ንጋት ጫማዋን እስክታስር ድረስ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሸዋገነትን፣ ያቺ የኡኬዋ የማን ልጅ ነኝ እንዳለች ጠየቃት። ሸዋገነት አልሰማሁም አለች። ጫንያለው ጥቂት አሰበ።

“ያደታ ያለች መሰለኝ” አለ። ከዚያ የልጁን እጅ ይዞ ሄደ።

ሸዋገነት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ መሸሻ ለግብርና ሥራ ከመንዝ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እሷም እዚሁ ተወለደች። አማርኛዋ የአባቷ ነው፣ ኦሮምኛዋ የነቀምቴ ገበያ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ማስተማር ጀመረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ወደ እንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የገባችው በተከራይ ነው። ከጋምቤላ ተመድባ የመጣች ነርስ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይታ ከአገሯ ሰዎች ጋር መጸለይ ጀመረች። ጎረቤት ተጨመረ፣ የጎረቤት ልጆች ተጨመሩ፤ ልጆቹን ዝም የሚያሰኝ ሰው አስፈለገ። ያ ሰው ሸዋገነት ሆነች። የከተማው ጴንጤዎች እንግሊካን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ይኸው ስንት ዓመት፣ ዛሬም አጥጋቢ መልስ የላትም። ነርሷ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ልጆቹ ቀሩ።

የልጆችና የቤተሰብ አገልጋዮች የመማማር ኅብረት የተጀመረው ከአዲስ አበባ አንዲት አሠልጣኝ ከመጣች በኋላ ነው። ሴትየዋ የዘልማዱን ሥልጠና አልሰጠቻቸውም። የነቀምቴ፣ የኡኬና የአኖ አገልጋዮች በየወሩ በአንዱ ከተማ ይገናኙ፤ የከተማው አገልጋይ ልጆቹን እንደ ወትሮው ያስተምር፤ እንግዶቹ ከኋላ፣ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይዩ አለች። ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት አይፈቀድም። እንዲህ አየሁ ብቻ ነው። ሸዋገነት መጀመሪያ ተራዋ ሲደርስ ጠመኔውን ሁለት ጊዜ ጣለችው። ያን ቀን ግን አንዱ፣ ልጅ ሲያናግርሽ ሁልጊዜ ቁጢጥ ብለሽ ዓይኑን ስታዪ አየሁ አላት። እንደዚያ እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ቤቷ እስክትገባ ድረስ ይህንኑ እያሰበች ሄደች።

በኋላ በግጭት ምክንያት መንገዱ ተበላሸ። አንዱ ወር ይከፈታል፣ አንዱ ወር ይዘጋል፤ አንዳንዴም ተከፍቶ ማንም አይሄድበትም። ኅብረቱ ሊበተን ሲል፣ ልጆቹ በስልክ ይጸልዩ ያለችው ሸዋገነት ናት። በስብሰባ ላይ ሐሳብ አቅርባ አታውቅም፤ ያቺን አቀረበች፤ ሁሉም ወደዷት። ስሙና የአባቱ ስም ይጠራ ያለችውም እሷው ናት።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን መልእክቱን ከቡድኑ አጠፋችው። አጥፍታ ሳትጨርስ የአኖዋ አገልጋይ ዓባይነሽ ደወለች። በሁሉ ነገር ቶሎ የምትደሰት፣ ደስታዋንም ለብቻዋ መያዝ የማትችል ሴት ናት። የዳዲ ጸሎት አስለቀሰኝ፤ በማጉያ ለእናቶች ሁሉ አሰማሁት አለች። ለጾም ጸሎት ቡድኑም፣ ለመዘምራኑም ልኬዋለሁ አለች። ሸዋገነት ስንት ሰው እንዳለበት ጠየቀቻት።

“እኔ ምኑን አውቄ እህቴ። ሁሉም አሜን ብሏል።”

የኡኬው አገልጋይ ገላና ስልኩ አይገባም። ኡኬ መስመር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ገላናም መልእክት የሚልከው ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ነው። ሸዋገነት ወደ ቄስ ታፋ ቤት ሄደች። ቄሱ ግቢያቸው ውስጥ የጄኔሬተር ካንዴላ እየፈገፈጉ ነበር። ሁሉንም እስክትጨርስ ድረስ ሰሟትና የልጅ ጸሎት ማንም ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው ነገሯት። ይልቅ እሷ ከነቀምቴ ተነሥታ እዚያ ቤት ብትገባ የሚያይ ዓይን ይበዛል።

“ተይው አዴ ሸዋ” አሏት፤ እትዬ ሸዋ እንደማለት ነው። “ሰው የረሳውን እኛ አናስታውሰው።”

ሸዋገነት እሺ አለች። ቄሱ ለተናገሩት ነገር እሺ ያላለችበትን ቀን አታስታውስም። ጫንያለው በሩ ላይ ቆሞ “ያደታ ያለች መሰለኝ” ሲል ያየችው ፊት ግን አልለቃት አለ። ያ ፊት ክፉ አልነበረም። አንድ ነገር በቦታው የሚያስቀምጥ ሰው ፊት ነበር። ዝም ብትል ኦብሳ ሳያውቅ ይያዛል፤ ብትሄድ ሰው ወደ ቤቱ እየመራች ትሄዳለች። ሰኞ ጠዋት ለርእሰ መምህርቷ አሞኛል ብላ መናኸሪያ ሄደች።

ሚኒባሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ቴፑን ዘግቷል። ኬላው ላይ ሁሉም ወርደው መታወቂያ አሳዩ። የእሷን ያየው ወጣት ስሟን ጮክ ብሎ አነበበ፤ የአባቷን ስም ደግሞ ቀስ ብሎ አነበበ፤ ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። በኦሮምኛ አስተማሪ ነኝ፣ ልጆች ልጠይቅ ነው አለች። የምን ልጆች ብሎ ሊጠይቅ ነው ብላ ጠበቀች። መታወቂያውን መለሰላትና ቀጣዩን ጠራ። ሚኒባሱ ሲነሣ ዘወር ብላ አየች፤ ወጣቱ ከጓደኛው ጋር እያወራ ወደ መኪናው ያይ ነበር። ስለ እሷ ይሁን ስለ ሌላ አላወቀችም።

ገላና የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ በትንሹም በትልቁም የሚስቅ። በእረፍት ሰዓት ከክፍል ሲወጣ አጥሩ ሥር አያት።

“አካም ጅርታ፣ እንደምን አለሽ አዴ ሸዋ? ልታዪኝ መጣሽ? ዛሬ እኮ ተራዬ አይደለም” ብሎ ሳቀ።

ነገረችው። ሳቁ ፊቱ ላይ ጥቂት ቆየና ጠፋ። ጸሎቱን ሰምቶት ነበር። ኦብሳን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ መመለሱን የሰማው ከዳዲ ጸሎት ነው፤ እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ እንባውን ጠርጎ ጉብታው ላይ ወጣና ላከው።

“ለኅብረቱ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?” አላት። እሷም ወደ ዳዲ እናት ቤት እንዲወስዳት ለመነችው።

የአገልጋይ የቤት ጉብኝት የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለት ሆነው በዋናው መንገድ፣ ሰላም እያሉ ሄዱ። ሰፈሩ በልጇ ስም ሃዳ ዳዲ፣ የዳዲ እናት፣ እያለ የሚጠራት ሴት ጓሮ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ባሏ ያደታ ከሞተ ቆይቷል። ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ነቀምቴ ሰዎች ደኅንነት ተጠያየቁ። ጎተራው ከጀርባዋ ነው፤ አንዳቸውም ወደዚያ አላዩም። ገላና ስለ ልጆቿ ጤና ሲጠይቅ፣ ያለችኝ ዳዲ ናት፣ ትልቁ ከሄደ ቆየ አለች።

ሸዋገነት ከተቀመጠችበት ድንጋይ ተነሥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። የልጅቷ ድምፅ ምን እንዳለና የት የት እንደደረሰ ነገረቻት። የሃዳ ዳዲ አውራ ጣት ዛላው ላይ ቆመ።

“ማን ሰማው?”

“ብዙ ሰው።”

ሴትየዋ አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። እንደገና መፈልፈል ጀመረች። ከዚያ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዎች በቆሎ እንገዛለን ብለው መምጣታቸውን ተናገረች። ዋጋ ሲጠይቋት ዓይናቸው ጎተራው ላይ ነበር።

“ዋጋውን ቆለልኩባቸው” አለች። “አልተከራከሩኝም። እሺ፣ እንመለሳለን አሉ።”

በበቆሎ ዋጋ የማይከራከር ገዢ ከሦስቱ አንዳቸውም አይተው አያውቁም።

ሃዳ ዳዲ ቀድማ አሰበች። ኦብሳ ዛሬ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቁኝ አለች። ግን መሄዱ ብቻ አይበቃም፤ እዚህ አለ ያለችው ዳዲ ናት፤ የለም የምትለውም እሷ ትሁን። ጊምቢ ከተማ አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብላ ትጸልይ። ጊምቢ አጎት እንደሌላቸው ኡኬ ውስጥ የሚያውቅ የለም። በዚያው ስልክ፣ ወደዚያው ሰዎች ይላክ።

ሸዋገነት መሬት መሬቱን አየች። ልጆችን ከምታስተምረው ሁሉ በእርግጠኝነት የምትናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ እግዚአብሔርን ስታናግሩ እውነቱን ንገሩት የሚለው ነው። አሁን ያንኑ ብላ እምቢ ብትል፣ ለእሷ ንጽሕና የሚከፍለው ጎተራው ውስጥ ያለው ልጅ ነው። ስልኳን አወጣች።

ዳዲ ተጠራች። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። ሸዋገነት ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ የምትለውን ነገረቻት። ልጅቷ ወደ ጎተራው አየች፣ ወደ እናቷ አየች።

“ጊምቢ ሄደ?”

“እንደዚያ በይ።”

“እግዚአብሔርስ? ጊምቢ ሄዶ ሲፈልገው ቢያጣው?”

ገላና ፊቱን አዞረ። ሸዋገነት ለዚህች ልጅ የሚሆን ቃል ፈለገች። ሰው ለዚህ የሚለው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል ይባላል፤ ልጆች ሲጠይቋት ራሷም ትለዋለች። እዚያ ጓሮ ውስጥ ግን ከአፏ አልወጣ አለ።

“በይ ተናገሪ” አለች እናትየዋ ከኋላ።

ዳዲ ተናገረች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ኡኬን፣ ጊምቢን። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጎተራው ውስጥ ሰው ሳለ፤ አንዴ፣ በእጅ የታፈነ ሳል። ማንም እንደሰማ አልሆነም። ሸዋገነት ቅጂውን አጠፋችና ዳዲን እንደገና አስጀመረቻት። ሁለተኛው ያለ እንከን ወጣ። ልጅቷ አንድም ቃል አልሳተችም።

ሸዋገነት ነቀምቴ እንደገባች ላከችው። አሜኖቹ ወዲያው መምጣት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹን ስሞች አታውቃቸውም።

እሑድ ለልጆቹ አሰማቻቸው። ሲያልቅ ንጋት እጇን አወጣች።

“እትዬ፣ ዛሬ ዳዲ አልተናገረችም። ያጠናችውን ነው ያለችው።”

ሸዋገነት ደክሟት ይሆናል አለች። ቃሉ እንዴት ቶሎ እንደወጣላት ራሷን ገረማት። ጫንያለው መቃኑ ላይ ነበር። ልጁ ስትወጣ፣ አባ ሰማሃት፣ እያነበበች ነው እኮ አለችው። ጫንያለው ሸዋገነትን ረጅም ጊዜ አያት።

“ልጅ ሲደክመው እንደዚያ ነው” አለ ለልጁ፤ ቀድማው እንድትሄድም አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛው መልእክት ባይላክ ይሻል እንደነበር ለሸዋገነት ነገራት። የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ ረስቶት ነበር። አሁን መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ እንኳ፣ የፊተኛው ምን ይላል እያለ የሚፈልገው ሰው አለ። ይህን ያለው ለማስጠንቀቅ ይሁን ለማስፈራራት ከአነጋገሩ አይለይም። “እኔ ምንም አልሰማሁም” ብሎ ጨመረ፤ እሱም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ኡኬ እስከዚያ ሳምንት መጨረሻ መስመር አልነበረም። ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ስለነበር ኅብረቱ አኖ ተሰበሰበ። ገላና ዘግይቶ ደረሰ፤ ጫማው ጭቃ ነበር፤ ምሳም አልበላ። እያንዳንዱ ያየውን ሲናገር የእሱ ተራ ደረሰ።

“ያየሁትን ልናገር” አለ። “ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሰዎች መጡ። የማን እንደሆኑ አላውቅም። ጎተራውን ግቢው ላይ ገለበጡት። በቆሎው ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ውስጡ ሰው አልነበረም።”

ዓባይነሽ ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ገላና እጁን አነሣ፤ አልጨረሰም።

“ዳዲ ከእናቷ ጋር በቆሎውን ከጭቃው ስትለቅም አየሁ። እሑድ ወደ ትምህርቱ መጣች። ጸሎት ሲደርስ አፏን በመዳፏ ያዘች። አጠገቧ ያለው ልጅ አይቶ ያዘ። ከዚያ ሌላው። ሁሉም ያዙ። የሚጸልይ ልጅ አላየሁም።”

ዓባይነሽ ማልቀስ ጀመረች። ኦብሳስ የት ነው ብላ ጠየቀችው።

“አላየሁም” አለ ገላና፤ ሥርዓቱ ያየኸውን ብቻ ተናገር ስለሚል ማንም ሌላ አልጠየቀውም።

ሸዋገነት የጊምቢው ጸሎት እንዴት እንደተቀዳ ነገረቻቸው፤ የድምፁ መልእክት እንዲቆም ተስማሙ። ያን ያለችው ሸዋገነት ናት፤ በሕይወቷ ሁለተኛ ሐሳቧ መሆኑ ነው። ዓባይነሽ እንባዋን እየጠረገች፣ የጊምቢውንም ጸሎት ዛሬውኑ ላስቁመው፣ ልጆች ውሸት እንዲጸልዩ ከዚህ በኋላ አላደርግም አለች። ሸዋገነት ክንዷን ያዘቻት።

“እሱን አታቁሚ። ዛሬ ካቆምን፣ ጊምቢ አለመሆኑን ነገርናቸው ማለት ነው።”

ውጭ የሚጠብቃቸው ሹፌር ጥሩምባ ነፋ፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ማለፍ ይፈልጋል። ተያይተው ተነሡ። እስከ መቼ የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

በማግሥቱ ባኬ ጃማ ያሉት ልጆች ዓይናቸውን ጨፍነው ጊምቢ ስላለው ኦብሳ ጸለዩ። አጎቱ በደንብ እንዲይዘው፣ እግሩ እንዲድን፣ የጊምቢ አይጦች እንዳይነክሱት ለመኑ። አንዱ ትንሽ ልጅ ጌታ ሆይ፣ እዚያ ፈልገው አለ። ሸዋገነት ዓይኗን አልጨፈነችም። ጫንያለው መቃኑ ላይ ነበር፤ ከጀርባው ደግሞ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው፣ የሚወስደው ልጅ የሌለው ሰው ቆሟል። ልጆቹ ሳይጨርሱ እሷ ቀድማ፣ ከበሩ ውጭ እስኪሰማ ድረስ፣ አሜን አለች።